ምዕራፍ 6፦ ስብ የሚያቃጥል ምግብ አለ ወይ?

ሜታቦሊዝምን የማይጨምር ምግብ የለም። ቁርስ ላይ የተበላ ቂጣ፣ ምሳ ላይ የቀረበ ሽሮ፣ ሻይ ውስጥ የገባችው ስኳር ሳትቀር፣ ሁሉም ሰውነት የሚያወጣውን ጉልበት ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ያደርጋሉ። መፍጨት፣ ወደ ደም ማስገባትና ማከማቸት ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ስለዚህ በዝንጅብል ሻይ እሽግ ላይ “ሜታቦሊዝምን ያፋጥናል” ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ ዋሽቷል ማለት አይቻልም። በስኳር ከረጢት ላይም ቢጽፈው እውነት ይሆንለት ነበር። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ማለዳ በባዶ ሆድ የጠጣው ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ወይም ከምሳ በኋላ የወሰደው አረንጓዴ ሻይ ቦርጩን እንደሚያጠፋለት የተሰጠውን ተስፋ። በእውነቱና በተስፋው መካከል ያለው ርቀት በቁጥር ሊለካ ይችላል፤ ይህ ምዕራፍም የሚሞክረው ያንን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሜታቦሊዝም ሲባል በሰውነት ውስጥ ሌት ተቀን የሚካሄደው የማቃጠልና የመገንባት ሥራ በሙሉ ነው። ማስታወቂያ ምስጢር ቢያስመስለውም መለካት ከተጀመረ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንቷን ላቯዝየና የሒሳብ ሊቁ ፒየር ሲሞን ላፕላስ በ1782 መጨረሻና በ1783 መጀመሪያ በነበሩት የብርድ ወራት፣ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስገብተው ከገላዋ የወጣው ሙቀት ያቀለጠውን በረዶ መዘኑ። የተነፈሰችውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከሚነድ ከሰል ከሚወጣው ጋር አነጻጸሩ። መተንፈስ ዝግ ያለ መንደድ ነው የሚለው ድምዳሜ የመጣው ከዚያ ነው። በ1890ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር በኮነቲከት ግዛት፣ ሚድልታውን ከተማ፣ ሰው የሚኖርበት ዝግ ክፍል አሠርቶ ፈቃደኞችን ለቀናት እያስቀመጠ የበሉትን፣ የተነፈሱትንና ያወጡትን ሙቀት መዘገበ። የገባው ጉልበትና የወጣው ጉልበት ገጠሙ። ዛሬ 1 ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፣ 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ እያልን የምናሰላው የእሱን ሒሳብ ይዘን ነው። ምግቡ ሜታቦሊዝምን ይጨምራል ለሚል ሰው “በስንት ካሎሪ?” የሚል ጥያቄ ማቅረብ የሚቻለውም ለዚሁ ነው፤ መልሱን የሚሰጥ መሣሪያ አለና።

በቀን 2,000 ካሎሪ የሚያወጣ አንድ አዋቂ ሰው እንውሰድ። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆነው ሰውየው አልጋ ላይ ተጋድሞ ቢውልም የሚወጣ ነው፦ ለልብ ምት፣ ለአእምሮ፣ ለጉበት፣ የሰውነትን ሙቀት ለመጠበቅ። ከመቶ 10 ገደማ የሚሆነው የበላውን ለመፍጨትና ለማከማቸት ይወጣል። የቀረው ለእንቅስቃሴ ነው፤ ለስፖርት ብቻ ሳይሆን ለመቆም፣ ለመራመድ፣ ዕቃ ለማንሳት። በትልቁ ድርሻ ላይ ትንሽ እንቆይ። አእምሮ፣ ጉበት፣ ልብና ኩላሊት ክብደታቸው ተደምሮ ከገላችን ከመቶ 6 እጅ ገደማ ነው፤ በዕረፍት ጊዜ ከምናወጣው ጉልበት ግን ግማሽ በላዩን የሚወስዱት እነሱ ናቸው። እንግዲህ ይህን ድርሻ በብዙ የሚያሳድግ ምግብ ቢኖር፣ ልብንና ጉበትን ቀን ከሌት ከአቅማቸው በላይ የሚያሠራ ምግብ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ስሙ መርዝ ነው፤ ወደ በኋላ በስሙ እንጠራዋለን።

ምግብ በቀጥታ የሚነካው አሥር እጇን ነው። እዚህ ላይ በምግብ ዓይነቶች መካከል ልዩነት መኖሩ አያከራክርም። ከፕሮቲን ከሚገኘው ጉልበት ከመቶ 20 እስከ 30 የሚሆነው ፕሮቲኑን ራሱን ለማስተናገድ ይጠፋል፤ ከካርቦሃይድሬት ከ5 እስከ 10፤ ከስብ ከ3 አይበልጥም። ትልቅ ልዩነት ይመስላል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን አንድ ሰው በየቀኑ 200 ካሎሪ የሚሆን ዳቦውን ትቶ በምትኩ 200 ካሎሪ ፕሮቲን ቢበላ፣ ማለትም 50 ግራም ንጹሕ ፕሮቲን፣ በመፍጨት ላይ የሚያወጣው ጭማሪ ከ20 እስከ 50 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። አንዳንድ አትክልት ከሚሰጠው ይልቅ ለመፍጨት የሚፈጀው ጉልበት ይበልጣል የሚለው ወሬም እዚሁ ያበቃል፤ ይህን የሚያደርግ ምግብ ተለክቶ አልተገኘም። ሰላጣና ጎመን ጥቅማቸው ካሎሪያቸው ትንሽ መሆኑ ነው፤ ያ ደግሞ በቂ ምስጋና ነው።

ሜታቦሊዝምን ያፋጥናሉ ከሚባሉት መጠጦችና ቅመሞች ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ቡና ነው፤ ለቡና አገር ሰው ደስ የሚል ዜና ይመስላል። በ1989 አብዱል ዱሉና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ 100 ሚሊ ግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች በዕረፍት ላይ የሚያወጡት ጉልበት ለ150 ደቂቃ ከመቶ 3 እስከ 4 ጨምሮ ተገኘ። እውነተኛ ውጤት ነው፤ በሌሎችም ተደግሟል። አሁን እናባዛው። በዕረፍት 1,500 ካሎሪ በቀን የሚያወጣ ሰው በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ 156 ካሎሪ ያህል ያወጣል፤ የዚህ ከመቶ 3 ወይም 4 ማለት 5 ወይም 6 ካሎሪ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ አላት። አቦል ላይ ሁለት ማንኪያ ስኳር ያደረገ ሰው ቡናው ያወጣለትን አምስት እጥፍ መልሶ አስገብቷል። ተመራማሪዎቹ መጠኑን ከፍ አድርገው በየሁለት ሰዓቱ 100 ሚሊ ግራም፣ በቀን 600 ሚሊ ግራም ሲሰጡ፣ የቀኑ ጭማሪ በቀጫጭኖቹ 150 ካሎሪ ደረሰ። ቀድሞ ወፍረው በኋላ በቀነሱት ግን 79 ብቻ ሆነ። ይህች ሁለተኛ ቁጥር በማስታወቂያ ላይ አትታይም፤ ውጤቱ የሚያንሰው ይበልጥ በሚፈልጉት ሰዎች ላይ መሆኑን ትናገራለችና። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤነኛ አዋቂ ችግር አያመጣም የሚለው የካፌይን መጠን በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ 600ው ከዚያ ያለፈ ነው። ቡና የምንጠጣበት ብዙ ምክንያት አለን፤ ክብደት መቀነስን ከዝርዝሩ ብናወጣው የሚጎድልበት ነገር የለም።

አረንጓዴ ሻይ ከካፌይኑ በተጨማሪ ካቴኪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉት የተለየ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ተስፋውን ያቀጣጠለው በ1999 የወጣ ሌላ የዱሉ ጥናት ነው፤ 10 ወንዶች በመለኪያ ክፍል ውስጥ 24 ሰዓት ቆይተው ከሻዩ የተዘጋጀውን ክኒን ሲወስዱ የቀኑ ወጪያቸው ከመቶ 4 ጨመረ። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ጥያቄ ተጠየቀ፦ ሻዩን ለሳምንታት የጠጡ ሰዎች በእርግጥ ቀነሱ ወይ? ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ ተቋም በ2012 ሙከራዎቹን ሰብስቦ ሲመዝን፣ ከጃፓን ውጭ በተደረጉት ውስጥ ሻዩን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል ያለው አማካይ ልዩነት 40 ግራም ሆነ። በስታቲስቲክስ ዓይን ዜሮ ነው። በጃፓን የተደረጉት የተሻለ ውጤት ቢያሳዩም እርስ በርሳቸው ስለተራራቁ ገምጋሚዎቹ አንድ ላይ ሊደምሯቸው አልቻሉም። ንግዱ ግን ይህን አልጠበቀም። ኮካ ኮላና ኔስሌ ኤንቪጋ የተባለ የአረንጓዴ ሻይ መጠጥ አውጥተው፣ በቀን ሦስት ጣሳ የጠጣ ከ60 እስከ 100 ካሎሪ ያቃጥላል ብለው ሸጡት። የአሜሪካ ግዛቶች ዓቃብያነ ሕግ ማስረጃ ጠየቁ፤ በ2009 ኩባንያዎቹ ለ27 ግዛቶች 650,000 ዶላር ለመክፈልና ማስታወቂያውን ለማረም ተስማሙ።

በርበሬና ሚጥሚጣስ? የሚለበልበው ካፕሳይሲን ሰውነትን ማሞቁን ወጥ የቀመሰ ሁሉ ያውቃል። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ2011 የታተመ ጥናት፣ ምግብ ላይ የተነሰነሰ 1 ግራም ቀይ በርበሬ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ 10 ካሎሪ ገደማ እንዳስወጣ አሳየ። በዚያው ጥናት የመብላት ፍላጎታቸው ይበልጥ የቀነሰው በርበሬ መብላት ያልለመዱት ናቸው። ለለመደው አፍ፣ ማለትም ለእኛ፣ ያም ያነሰ ነው። በኔዘርላንድስ ማስትሪኽት በ2003 የተደረገው ሙከራ ጥያቄውን በቀጥታ አነሳው፦ ክብደት የቀነሱ ሰዎች ለሦስት ወር በየቀኑ 135 ሚሊ ግራም ካፕሳይሲን ቢወስዱ መልሰው ከመወፈር ይድናሉ? ሰውነታቸው ከሌሎቹ የበለጠ ስብ ማቃጠሉ ታየ፤ መልሰው የጨመሩት ክብደት ግን አልተለየም። “ስብ ያቃጥላል” የሚለው አባባል ያለ ሐሰት ሊያሳስት የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ሰውነት ዛሬ ከስብ የሚያቃጥለውን ነገ ከበላው ይተካል፤ በሚዛን ላይ የሚታየው የጠቅላላው ሒሳብ ነው። ላብም ስብ አይደለም፤ ውሃ ነው፣ አንድ ብርጭቆ ሲጠጣ ይመለሳል። በአገራችን ወጥ ውስጥ ደግሞ በርበሬ ብቻውን አይመጣም። ቁሌቱ የጠጣው ዘይት ወይም ቅቤ አብሮት አለ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት የደረሰው በላተኛ 240 ካሎሪ ይዞ ተነስቷል።

የቀሩትን ፈጠን ብለን እንለፋቸው። በ2003 የጀርመን ተመራማሪዎች ግማሽ ሊትር ውሃ መጠጣት 24 ካሎሪ ያስወጣል ብለው ነበር፤ በ2006 በስዊዘርላንድ ፍሪቡርግ የተደረገው ሙከራ ይህን ሊደግመው አልቻለም። ግማሽ ሊትር ውሃ ከ22 ዲግሪ ወደ ሰውነት ሙቀት ለማድረስ የሚፈጀው 7 ካሎሪ ተኩል ነው፤ ከዚህ የሚያልፍ ቁጥር ማስረጃው ጠንካራ መሆን አለበት። ውሃው ሙቅ ከሆነ ደግሞ ያችም አትወጣም፤ ሎሚው ጣዕም ይሰጣል። የፖም አቼቶ በ2024 ሊባኖስ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ኪሎ በኪሎ አስቀነሰ ተብሎ በዓለም ተወራ፤ በ2025 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘው፣ ቁጥሮቹ ሲመረመሩ የማይታመኑ ሆነው ስለተገኙ። ያልተቆላ የቡና ፍሬ ክኒን ታሪክ የባሰ ነው። በ2012 የወጣው ዋናው ጥናት ሕንድ ውስጥ 16 ሰዎች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ዶክተር ኦዝ ምርቱን አወድሶት ገበያው ጦፈ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የተሳታፊዎቹ ክብደት በተደጋጋሚ ተቀይሮ እንደተጻፈ ደረሰበት፤ በ2014 ጥናቱን ያስጠናው ኩባንያ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፣ ጽሑፉም ተሰረዘ። 

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ከባድ ተቃውሞ ያነሳል። ቁጥሮቹ ትንሽ ቢሆኑም ይጠራቀማሉ፤ በየቀኑ 50 ካሎሪ በዓመት ከ18,000 በላይ ነው፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ በዓመት 2.4 ኪሎ፣ በአሥር ዓመት 24 ኪሎ መቀነስ አለበት። ሒሳቡ የሚሳሳተው ሰውነትን እንደማይለወጥ ዕቃ ስለሚቆጥር ነው። ሰው ሲቀል የሚያወጣው ጉልበትም ይቀንሳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪ የነበረው ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ በ2011 ያቀረቡት የተሻለ ስሌት፣ በየቀኑ 10 ካሎሪ ቋሚ ልዩነት በመጨረሻ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ለውጥ እንደሚያመጣ፣ ግማሹ በአንድ ዓመት፣ ቀሪው ማለት ይቻላል በሦስት ዓመት እንደሚደርስና ከዚያ እንደሚቆም ያሳያል። 50 ካሎሪ እንግዲህ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 2.3 ኪሎ ይደርስና ይቆማል። ይህም ሰውየው አንዲት ጉርሻ ካልጨመረ ነው። እዚህ ላይ ነው የተቃውሞው እውነተኛ ድክመት፤ ሰው ይጨምራል፣ መጨመሩንም አያውቅም።

ይህን ግምት አድርጎ ማለፍ አያስፈልግም፤ ተለክቷል። ካናግሊፍሎዚን የተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት ስኳርን በሽንት ያስወጣል፤ በሽተኛው ምንም ሳይሰማው በቀን 360 ካሎሪ ገደማ ያጣል። ይህ ማንኛውም ሻይ ወይም ቅመም ከሚያስወጣው እጅግ የሚበልጥ ነው፤ “ሜታቦሊዝም አፋጣኝ” ነን የሚሉት ሁሉ ሊሆኑ የሚመኙት ነገር ማለት ነው። የሆል ቡድን በ2016 መድኃኒቱን ለአንድ ዓመት የወሰዱ 153 ሰዎችን መረጃ ሲተነትን፣ ክብደታቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀንሶ በጥቂት ኪሎ ላይ መቆሙን አየ። ምክንያቱን ሲያሰሉ፣ ለእያንዳንዱ የቀነሰ ኪሎ የሰዎቹ አበላል በቀን 100 ካሎሪ ያህል ከፍ ብሏል፤ የሚያወጡት ጉልበት ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ቀንሷል። ማንም ብሉ አላላቸውም፤ የሚያጡትን ካሎሪም አያዩትም ነበር። ረሃብ ግን ሒሳቡን ያውቀዋል። ሰውነት ክብደቱን የሚከላከልበት ዋናው መሣሪያ የምግብ ፍላጎት እንደሆነና ከሚቃጠለው ጉልበት መቀነስ በሦስትና በአራት እጥፍ እንደሚበረታ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ማሳያ አላውቅም። ቡናውና በርበሬው የሚሰጡት አምስትና አሥር ካሎሪ በእንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ ፊት ሳይቆጠር ያልፋል።

ታዲያ መጠኑን ከፍ አድርጎ ተቆጣጣሪውን ማሸነፍ አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ተደርጓልም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ የጥይት ፋብሪካዎች ፈንጂ የሚያዘጋጁ ሠራተኞች ያልባቸዋል፣ ያተኩሳቸዋል፣ ይከሳሉ፣ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። ያገኛቸው ዳይናይትሮፌኖል፣ በአጭሩ ዲኤንፒ የሚባለው ኬሚካል ነበር። በሴሎቻችን ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉት ክፍሎች ከምግብ የተገኘውን ጉልበት ሴል ሊሠራበት ወደሚችል መልክ ይለውጡታል፤ ዲኤንፒ ይህን ሥራ አክሽፎ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ብቻ ይለውጠዋል። በ1933 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ሞሪስ ቴይንተርና ዊንድሰር ከቲንግ ለውፍረት ሕክምና አቀረቡት። ሜታቦሊዝምን በመቶ 50 ያህል ከፍ የሚያደርግ ነገር ተገኘ ማለት ነው፤ ሰዎችም በእርግጥ ከሱ። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ በአሜሪካ 100,000 ያህል ሰው እንደወሰደው ተገመተ። ቀጥሎ የዓይን ሞራ የጋረዳቸው ወጣት ሴቶች ታዩ፤ ሙቀታቸው አልወርድ ብሎ የሞቱም ነበሩ። በ1938 በወጣው የአሜሪካ የምግብ፣ የመድኃኒትና የኮስሞቲክስ ሕግ ለሰው እንዳይሸጥ ሆነ። ማርከሻ የለውም። ዛሬም በኢንተርኔት በድብቅ ይሸጣል፤ ብሪታንያ ከተደጋጋሚ ሞት በኋላ በ2023 በቁጥጥር ሥር ካሉ መርዞች መደበችው። ሜታቦሊዝምን በእውነት የሚያፋጥን ነገር እንዲህ ነው የሚመስለው። ትንሹ ጭማሪ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው መጠን ይገድላል፤ በመሃል የሚቀመጥ ምግብ እስካሁን አልተገኘም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሰው ዓይን የሚመጣ ነው። ሁሉንም እየበላች የማትወፍር እኅት፣ ውሃ ቢጠጣ የሚወፍር ወንድም በየቤቱ አለ፤ ይህ የሜታቦሊዝም ልዩነት ካልሆነ ምንድነው? በሰዎች መካከል የተፈጥሮ ልዩነት መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ዓይን እንደሚዛን አይታመንም። በ1992 የኒው ዮርክ ተመራማሪዎች በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን መቀነስ አልቻልንም የሚሉ 10 ሰዎችን በጥብቅ መለኪያ መረመሩ። ሜታቦሊዝማቸው ለገላቸው መጠን ከሚጠበቀው አልራቀም። የሚበሉትን ግን በአማካይ ከእውነቱ 47 ከመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን 51 ከመቶ አብዝተው ነበር የሚናገሩት። ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም፤ ጉርሻ ቆጥሮ የሚበላ ሰው የለም፣ በተለይ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ። “ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሜታቦሊዝሜ ወደቀ” የሚለውም ቢሆን በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመው ትልቅ ጥናት አልደገፈውም። ከ29 አገሮች የተውጣጡ ከ6,400 በላይ ሰዎች፣ ከስምንት ቀን ሕፃን እስከ 95 ዓመት አዛውንት ተለክተው፣ የገላ መጠን ከታሰበ በኋላ ከ20 እስከ 60 ዓመት ሜታቦሊዝም እንዳለ እንደሚቆይ ታየ። በአርባዎቹ የሚመጣው ቦርጭ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ከምግብ የሚገኝ አንድ ንጥረ ነገር ግን ለሜታቦሊዝም በእርግጥ ወሳኝ ነው፤ ርካሽም ነው። አዮዲን ነው። አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ የሰውነትን የማቃጠል ፍጥነት የሚመራውን ሆርሞን የምትሠራው ከአዮዲን ነው፤ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም ያስፈልገዋል። አፈሩ አዮዲን ባጣበት በደጋው አገራችን እንቅርት ለትውልዶች የተለመደ ነበር፤ መንግሥት በ2011 ባወጣው ደንብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያዘዘው ለዚህ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ያነሰው ሰው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ክብደትም ይጨምራል፤ የሚጨምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ነው፣ ከዚያም ውስጥ ብዙው ጨውና ውሃ ነው። ጉድለቱ ሲሞላ ሜታቦሊዝም ወደ ቦታው ይመለሳል። ከቦታው አያልፍም። ጤነኛ ዕጢ ላይ አዮዲን መጨመር ሰውን አያቀጥንም፤ እንዲያውም ዕጢዋን ሊያውክ ይችላል። ምግብ ከሜታቦሊዝም ጋር ያለው እውነተኛ ግንኙነት በዚህ ምሳሌ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ የጎደለን ይሞላል፣ ጤነኛውን አያፋጥንም።

ይህ ማለት የምግብ ምርጫ ለክብደት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ብዙ ዋጋ አለው፣ ሥራውን የሚሠራው ግን በምንበላው መጠን በኩል ነው። ፕሮቲንን እንደገና እንመልከተው። በመፍጨት በኩል የሚያተርፈን ከ20 እስከ 50 ካሎሪ መሆኑን አይተናል። በ2005 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሙከራ 19 ሰዎችን የፕሮቲን ድርሻቸውን ከመቶ 15 ወደ 30 አሳድጎ፣ ከዚያ እስኪጠግቡ ብሉ አላቸው። ማንም ሳይከለክላቸው በቀን በአማካይ 441 ካሎሪ ቀንሰው በሉ፤ በ12 ሳምንት 4.9 ኪሎ ቀነሱ። በመጥገብ የተገኘው በመፍጨት ከተገኘው ቢያንስ ስምንት እጥፍ ይበልጣል፤ ያው ምግብ ነው። በተቃራኒው በ2019 ሆል ሜሪላንድ ውስጥ 20 ሰዎችን አንድ ወር አስቀምጦ፣ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረበላቸው። የቀረበው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር ተመጣጣኝ ነበር። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፣ 0.9 ኪሎም ጨመሩ፤ ባልተቀነባበረው ያንኑ ያህል ቀነሱ። እነዚህ ቁጥሮች በቡናና በበርበሬ ዙሪያ ካየናቸው ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም። የሽንብራና የምስር ወጥ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ጎመን በዚህ ሒሳብ ከማንኛውም “ስብ አቃጣይ” ሻይ ይበልጣሉ፤ ዘይታቸው ከተቆጠበ።

የመጨረሻው መከራከሪያ “ባይጠቅምም አይጎዳም” የሚል ነው። ሻይና ቅመም እስከሆነ ድረስ ልክ ነው፤ አረንጓዴ ሻይ የሚወድ ይጠጣ። ክኒን ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የአውሮፓው የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳስታወቀው፣ ከአረንጓዴ ሻይ የተዘጋጁ ክኒኖች ዋናውን ካቴኪን በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲሰጡ የጉበት መጎዳት ምልክቶች ይታያሉ። ኤፌድራ የተባለው ዕፅ “የተፈጥሮ ስብ አቃጣይ” ተብሎ ሲሸጥ ቆይቶ፣ ልብንና የደም ግፊትን ስለሚያውክ አሜሪካ በ2004 ከሰፕሊመንት ገበያ አስወጥታዋለች። ሲቡትራሚን የተባለው የውፍረት መድኃኒት የልብ ጥቃትና የአንጎል ስትሮክ አደጋን ስለሚጨምር በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ከተነሳ ወዲህ፣ “ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ” በሚሉ የማቅጠኛ ክኒኖችና ሻዮች ውስጥ ማሸጊያው ላይ ሳይጻፍ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ፍቱን ሆኖ የተገኘ “የተፈጥሮ” ማቅጠኛ ይበልጥ ሊያስጠረጥር የሚገባውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ምርት ከቴሌግራም ገጽም ሆነ ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ያገኛችሁ፣ ልባችሁ ቢመታ፣ እንቅልፍ ቢጠፋ፣ ዓይናችሁ ወይም ሽንታችሁ ቢቀየር አትጠብቁ፤ መውሰዱን አቁሙ፣ ማሸጊያውንም ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።